ሊሾውን ያፈረስንበት ቅዳሜ

ባለፈው «ወለሉ አለቀ» ብዬ ጽፌ ነበር። አላለቀም። በመዶሻ አፈረስነው።

ነገሩን ላልሰማችሁ፣ እዚህ አዳማ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ጠግነን ለጎዳና ውሾች ማረፊያ እያደረግነው ነው። ሥራው ቅዳሜ ቅዳሜ በደቦ ነው። ከመሃላችን ሙያ ያለው አንድ ግንበኛ ብቻ ነው፤ የቀረነው አካፋ ያዥና ወሬ አብዢ ነን።

ሊሾው ሲያዩት መስታወት ነበር። አንድ ጀሪካን ውሃ ስንደፋበት ግን ውሃው ወደ ቱቦው መሄዱን ትቶ መሃል ላይ ተኛ። ጥፋቱ የኔ ነው። ውሃ ልክ ይዤ «ዝንፍ እንዳይል» እያልኩ ሰውየውን ያስጨነቅኩት እኔ ነኝ። ግንበኛው «ሳሎን የምትሠሩ መስሎኝ» አለ። ምን ይበል!

አሁን በየሜትሩ 2 ሳንቲም ዝቅ እያደረግን ወደ ቱቦው አወረድነው። ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበትን ጥግ ደግሞ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በቢራ ጠርሙስ ጎን እየዳበስን ክብ አደረግነው። ጠርሙሱን አርጥቦ ቀስ ብሎ መሳብ ነው፤ ከተጫኑት ይቦረቡረዋል። ቀጥ ያለ ጥግ መጥረጊያ አይደርስበትም። ፓርቮ የሚባለው ቡችላ ጨራሽ ቫይረስ እንዲህ ያለ ቦታ ከተሸጎጠ ለወራት ይቆያል፤ ተራ ሳሙናም አይገድለውም። መጀመሪያ ቆሻሻውን በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ32 እጅ ውሃ በጥብጦ 10 ደቂቃ ማቆየት ነው። ሳይታጠብ በረኪና መድፋት ብር መድፋት ነው።

ጩኸቱም አስቸግሮን ነበር። ክፍሎቹን ፊት ለፊት አድርገን በሽቦ ብቻ ስንከፍላቸው፣ ግቢ ያሉት ሁለቱ ውሾች ሲተያዩ ውለው ሲጮኹ አደሩ። ለሙከራ ሽቦው ላይ ጆንያ ሰቀልን። ብዙም ሳይቆዩ ዝም አሉ። ስለዚህ ከታች ያለውን በብሎኬት ልንዘጋው ነው፤ ሽቦው ከላይ ለአየር ይቀራል። የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለምታውቁ፣ አየሩ ቀልድ አይደለም።

ከሁሉ የጠቀመን ሐሳብ የመጣው ውሻ ከማይወዱ ሰው ነው። ጎረቤታችን እማማ በሩ ላይ ቆመው «ስትከፍቱት አምልጦ ቢነክሰኝስ?» አሉ። ተናደድኩ፤ ማታ ሳስበው ግን ልክ ናቸው። ሁለተኛ በር ጨመርን፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። በሁለቱ መሃል ለእንግዳ አግዳሚ ወንበር አስቀመጥን። እማማ አሁን ቡናቸውን ይዘው እዚያ ይቀመጣሉ፤ ውሻ ግን ዛሬም አይነኩም።

ትናንት በተጠገነው ክፍል ጀሪካኑን እንደገና ደፋን። ውሃው ቀጥ ብሎ ወረደ። ቱቦው አፍ ጋ ሲደርስ ቡቺ ቀድማ ቆማ ላሰችው።