ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሰው ልጅ

የሰባት ዓመት ልጅ ነው፣ 20 ኪሎ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ሲገባ፣ በአምስት ሳምንት ውስጥ ጃርዲያ፣ ታይፎይድ፣ ጨጓራ እየተባለ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ወስዷል። አሁን አተኮሰው፣ አንገቱም ደረቀ። ተረኛው ሐኪም ማጅራት ገትር ጠርጥሮ ከአከርካሪው ፈሳሽ ሊቀዳ ተዘጋጀ፤ ልጁ በጎኑ ተጣጥፎ ተኝቷል፣ ጀርባው ተጠርጓል።

አጥብቃ የያዘችው ነርስ እናቱን «የሚያስመልሰው መቼ መቼ ነው?» አለቻት።

«ጠዋት ነው ሲስተር። ራሴን እያለ ይነሳል፣ ካስመለሰው በኋላ ቀለል ይለውና ቁርሱን ይበላል። ተቅማጥ የለውም። ሰሞኑን ግን ግድግዳ እየያዘ ነው የሚሄደው።»

ሐኪሙ መርፌውን መለሰው።

ከራስ ቅሉ ኋላ፣ ሥር ባለው በትንሹ አንጎል አካባቢ የበቀለ ዕጢ አንጎልንና አከርካሪን የሚያጥበውን ፈሳሽ መተላለፊያ ሲዘጋ ፈሳሹ ከላይ ይጠራቀማል። ተኝቶ ሲያድር ግፊቱ ስለሚጨምር ሕመሙ ጠዋት ይብሳል። በዚህ ላይ ከታች ፈሳሽ ከተቀዳ፣ አንጎሉ ወደ ራስ ቅሉ የታች ቀዳዳ ተገፍቶ እስትንፋስ የሚመራውን ክፍል ሊጨፈልቅ፣ ልጁም እዚያው አልጋ ላይ ሊሞት ይችላል። አንገት የሚያደርቀውም ይኸው መገፋት ሊሆን ይችላል፤ አሳሳቹ እዚህ ላይ ነው።

ዓይኑ በኦፍታልሞስኮፕ (የዓይን ውስጥ ማያ መሣሪያ) ሲታይ የነርቩ ጫፍ አብጧል፤ ግራ ዓይኑ ወደ ውጭ አይዞርም። ማጅራት ገትርም ገና ስላልተሰረዘ ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ 2 ግራም ወዲያው ተሰጠው፤ ፈሳሽ መቅዳት ቢቆይ መድኃኒቱ አይቆይም። ራስጌው 30 ዲግሪ ከፍ አለ፣ አንገቱ ቀጥ ተደረገ፣ የተሰቀለው ግሉኮስ በኖርማል ሳላይን ተተካ፣ በዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታሶን ተጀመረ። (ትኩሳቱ በኋላ በደም ምርመራ ወባ ሆኖ ተገኘና ታከመ።)

ሲቲ ስካኑ ዕጢውን አሳየ፤ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተባለ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ የአንጎልን ግፊት የሚቀንሰው ማኒቶል አብሮት ተጫነ። በኪሎ ግማሽ ግራም ሲሰላ ለእሱ 10 ግራም፣ ማለትም ከ20 ፐርሰንቱ 50 ሚሊ ሊትር ነው፤ በ20 ደቂቃ ይገባል። የሚሰጠው የልብ ምቱ ዝግ ብሎ የደም ግፊቱ ከወጣ፣ ወይም አንዱ የዓይን ብሌን ከሰፋ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ክሪስታል ካለ እንዳለ አይሰጥም። ሽንት ስለሚበዛ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ቀድሞ ገባ።

በቀዶ ሕክምና ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ውጤት ሜዱሎብላስቶማ፣ ማለትም በትንሹ አንጎል ላይ የሚነሳ የልጆች ካንሰር ነበር። ዕጢው ከሞላ ጎደል ለወጣለት፣ ላልተሰራጨበትና ሦስት ዓመት ላለፈው ልጅ፣ ጨረሩና ኬሞው በጊዜው ከደረሱ፣ በበለጸጉ አገሮች ከአምስቱ አራት ያህሉ ከአምስት ዓመት በላይ ይኖራሉ። ጨረሩ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሳምንታት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቀጠሮ እየተጓተተ የሚባክነው ይህ ጊዜ ነው። ወላጅ ቀድሞ ሊሰማው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፦ ከአራት ልጆች አንዱ ያህል ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በቀናት ውስጥ ንግግር ያቆማል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። ይህ ያልተነገራት እናት ልጇ የተበላሸባት መስሏት ሕክምናውን ልታቋርጥ ትችላለች።

በዚያ ክፍል አሁን ካርድ ላይ «ትውከት» ሲጻፍ ሰዓቱም ይጻፋል፤ የኦፍታልሞስኮፑ ባትሪ ሰኞ ሰኞ ይፈተሻል።