ሽምብራ የበላው ጆሮ

አዲስ አበባ ውስጥ በግል ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው «አማርኛ ያወሩ» የሚል ወረቀት ሳያጋጥመው አይቀርም። የሚጽፈው የክፍል አለቃው ነው። ከደብተር መሀል በተገነጠለ ወረቀት ላይ የጓደኞቹን ስም በእርሳስ ይደረድራል። ከስሙ ጎን ኤክስ ይደረጋል። ደጋግሞ ያወራ ብዙ ኤክስ አለው። አለቃውን ላጲስ የከለከለም እንደዚሁ።

እኔ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ደንቡን ያገኘሁት ስቀጠር ነው። ከበሩ ከገቡ በኋላ አማርኛ የለም፤ ክፍል ውስጥም፣ ሜዳ ላይም፣ ምሳ ሰዓትም። መንግሥት ያወጣው ሕግ እንዳይመስላችሁ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ራሱን ችሎ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ነበር ያለው። ግን ወላጅ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እንግሊዝኛቸው እንዴት ነው?» ብሎ ነው። ሒሳቡ እንዴት ነው ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ባለትምህርት ቤቱም ገበያውን ያውቃል።

ታሪኩ የሆነው በዐቢይ ጾም ነው። ጾም ሲሆን የልጆቹ ምሳ ዕቃ ይቀየራል። እንቁላል ይጠፋና ቆሎ ይበዛል። አንዱ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ዕረፍት ሰዓት ላይ ከቆሎው ሽምብራ መርጦ ጆሮው ውስጥ ከተተ። ለምን? የሰባት ዓመት ልጅ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ሽምብራው ገባ፣ አልወጣም አለ።

ጓደኛው ደነገጠና ወደ ተረኛዋ መምህርት ሮጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከሁለቱም ወገን ሰምቼዋለሁ፤ ቃል በቃል ይገጥማል።

«ሚስ! ሽምብራ…» ብሎ ጀመረ።

«ኢን ኢንግሊሽ!» አለችው።

ልጁ ቆሞ አሰበ። ከዚያ ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ፣ «ማይ ፍሬንድ ኢር ኢዝ ኢት ሽምብራ» አለ። የጓደኛዬ ጆሮ ሽምብራ በላ ማለቱ ነው።

«ኖ፣ ኖ። ማይ ፍሬንድ ኢዝ ኢቲንግ። ሪፒት!»

«ማይ ፍሬንድ ኢዝ ኢቲንግ።»

«አጌን!»

«ማይ ፍሬንድ ኢዝ ኢቲንግ።»

«ቬሪ ጉድ!» ብላ ራሱን ዳበስ አድርጋ ሸኘችው። አለቃው ደግሞ እዚያው ቆሞ ነበርና «ሽምብራ» ስላለ ስሙን ጻፈው።

ይህችን መምህርት መውቀስ ቀላል ነው። እኔ አልወቅሳትም። ግቢው ሙሉ ልጅ ነው፤ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ አጥር ላይ ይንጠለጠላል። ደግሞም ሥራዋን ነው የሠራችው። ዓረፍተ ነገር ተሰበረ፣ ጠገነች። እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነን ስንቆይ ጆሯችን ስሕተት ብቻ ይለቅማል። ልጁ ምን ሊነግረን እንደመጣ አንሰማም።

ከዕረፍት በኋላ ክፍሉ የእኔ ነበር። ልጁ አንገቱን ወደ ቀኝ ሰብሮ ጆሮውን በመዳፉ ይመታል። «ምን ሆነሃል?» አልኩት በአማርኛ። መልስ ከመስጠቱ በፊት ዞር ብሎ ያየው አለቃውን ነው። አለቃው እርሳሱን አንስቷል። «አስቀምጥ እርሳሱን» አልኩት። ያኔ ጓደኛው ከኋላ ተነሥቶ ሁሉንም ነገር በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። እንዴት እንደገባ፣ በእስክሪብቶ ክዳን ሊያወጡት ሲሞክሩ እንዴት እንደባሰበት፣ ለተረኛዋ ሚስም እንደነገራት። እንዲህ አቀላጥፎ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ይዤው ወጣሁ። ከሞግዚቶቹ አንዷ ለደግነት ብላ ውኃ በኩባያ ይዛ መጣች፣ ጆሮው ውስጥ ጨምረን እናፍስሰው ብላ። ንፍሮ ለመቀቀል ሽምብራ የነከረ ሰው ውኃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ያብጣል። እንዳይነካ አልኩና በቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ሄድን። ባለሙያው ጫፉ የታጠፈ ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ አወጣው። ልጁ ሽምብራውን ስጡኝ ብሎ አስቸገረ፣ ለጓደኛው ሊያሳየው።

ማታ ደብተራቸውን ሳርም ያች ዓረፍተ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። የሁለተኛ ክፍል ልጅ የአካል ክፍሎችን አንድ በአንድ ይዘረዝርልሃል። ክርኑን ሳይቀር ያውቃል። ቀለም ያውቃል፣ የዱር እንስሳ ያውቃል። ግሡ ላይ ግን ባዶ ነው። ና፣ ሂድ፣ ተቀመጥ፣ ብላ፤ ከዚያ እምብዛም አያልፍም። ስዕል የሚሳለው ለስም ነው፤ ፈተና ለማውጣትም ስም ይቀላል። «ገባ»፣ «አልወጣም አለ»፣ «አመመው» የሚለውን ማን አስተማረው? ያለችው አንዲት ግሥ «በላ» ነበረች፣ እሷኑ አሠራት። እኔ ብሆን አስር ከአስር ነበር የምሰጠው።

ይኸው ልጅ ንባብ ላይ «ካም» የሚባለውን ቃል «ኮሜ» ብሎ ነው የሚያነበው። ፊደላችን ያስተማረው እንዲህ ነው፤ የተጻፈው ሁሉ ይነበባል። ጅል አይደለም፣ እንግሊዝኛው ነው አመል የሌለው።

በማግስቱ ስብሰባ ተቀመጥን። የልጁ አባትም ተጠሩ። እኔ አባትየው እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ይመጣሉ፣ ደንቡም በዚሁ ይነሣልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሰውየው ግን ረጋ ብለው፣ «ጆሮውስ ዳነ፣ ተመስገን ነው። ደንቡን ልታነሱት ነው ሲባል ሰምቼ ነው ሥራ ጥዬ የመጣሁት» አሉ።

ሁላችንም ዝም አልን።

«እኔ ክፍለ ሀገር ነው የተማርኩት» አሉ ቀጥለው። «ዘጠነኛ ስንገባ ባንድ ጊዜ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ሆነ። ባዮሎጂውን ሳይገባኝ ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። ልጄ እንደኔ እንዲሆን አልፈልግም። ለዚህ ነው የምከፍለው።»

እውነታቸውን ነው። እኔም በዚያው መንገድ ነው ያለፍኩት። ግን የእርሳቸው ችግር እንግሊዝኛው ቀድሞ ሳይገባቸው ሌላውን ሁሉ በእሱ መማራቸው ነው። እኛም ልጃቸው ላይ ያንኑ በሰባት ዓመቱ እያደረግንበት ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። «እሱንስ አላሰብኩትም» አሉ። ተስማምተው ነው ወይስ አክብረውኝ፣ እስካሁን አልለየሁም።

ክርክሩ መሀል ዳይሬክተሩ «ለመሆኑ ሽምብራ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ጸጥ። አንዱ አተር የሚመስል ነገር አለ፣ ሌላዋ ባቄላ የሚመስል። በመጨረሻ ስልክ ወጣ። የእኛን ስም ግን ማንም አልጻፈም።

ደንቡ አልተነሣም። ከዕረፍትና ከምሳ ሰዓት ብቻ ወጣ። ሕመም፣ ሽንት ቤትና ፍርሃት ደግሞ በየትኛውም ሰዓት፣ በየትኛውም ቋንቋ ይነገራል ተባለ። ወረቀቱ ክፍል ውስጥ አሁንም አለ፤ እኔ ስገባ አለቃው ኪሱ ይከተዋል።

እኔ በበኩሌ የእንስሳቱን ምዕራፍ ትቼ ሦስት ነገር አስተማርኳቸው። «ሄልፕ ሚ»፣ «ኢት ኸርትስ» እና «ሃው ዱ ዩ ሴይ»። የመጨረሻዋን ይበልጥ ወደድኳት። «ሃው ዱ ዩ ሴይ ሽምብራ?» ሲል ልጁ እንግሊዝኛ እየተናገረ ነው፤ አማርኛውም አይከለከልም። ለመድገም ብቻ በኅብረት አላስጮህኳቸውም። አንዱ የታመመ፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ እናት ሆነው ሲጫወቱበት ሰነበቱ። ያ ባለሽምብራ ሐኪም ካልሆንኩ ብሎ አስቸገረ። ሲሰብሩት አላርማቸውም፤ ሐሳቡ ከደረሰ በኋላ እኔ አስተካክዬ መልሼ እለዋለሁ፣ እነሱም ሳያውቁት ይይዙታል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ግማሹ ክፍል ይታመማል። «ኢት ኸርትስ» ይላል አንዱ ሆዱን ይዞ፣ ሌላው ጉልበቱን። ባለፈው ሳምንት የሒሳብ መምህሩ አንዱን እየጎተተ ስታፍ ድረስ አመጣልኝ። «ምንድን ነው ያስተማርሻቸው?» አለኝ።

ልጁን «ምንህን ነው ያመመህ?» አልኩት።

«ማይ ሄር ኸርትስ» አለኝ ፀጉሩን ይዞ።

ሰዋስዉ ላይ እንከን ባላገኝበትም፣ ወደ ሒሳቡ መለስኩት።