ቀንበር ይዤ ግቢ የገባሁ ለት

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ደብረ ማርቆስ ግንቦት መጨረሻ ላይ እንዲህ ነው፣ በቃ ተነስቼ ስለዚህ የማስተርስ ጥናቴ ልጻፍ አልኩ። ርዕሱን ሳስገባ እኮ ኮርቼበት ነበር፤ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የመማር ስታይላቸውና የኢንተለጀንስ አይነታቸው ከሚማሩት ትምህርት ጋር ምን ያህል ይገናኛል የሚል ነው። ቀን ስታቲክስ (በቆመ ነገር ላይ ስለሚያርፍ ኃይል የሚያጠና ትምህርት) አስተምራለሁ፣ ማታ ስለ ተማሪዎቼ አነባለሁ፣ ከዚህ የሚመች ምን አለ ብዬ።

መነሻዬ ፌልደርና ሲልቨርማን በፈረንጆቹ 1988 ያወጡት ጽሑፍ ነው። ፌልደር እራሱ የኬሚካል ኢንጂነሪንግ መምህር ስለሆነ የክፍሉን ነገር ያውቀዋል። ባጭሩ የሚለው፣ አብዛኛው የኢንጂነሪንግ ተማሪ አይቶ፣ ነክቶ፣ ከተጨባጩ ነገር ተነስቶ ነው የሚገባው፣ እኛ መምህራኑ ግን በወሬና ከፎርሙላ ጀምረን ነው የምናስተምረው። ሳነበው የራሴ ሰሌዳ ነው የታየኝ፣ አፈርኩ። ከዛ በኋላ የመጣ 44 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፣ ለአራት መስመር (በምስል ወይስ በቃል፣ ሞካሪ ወይስ አሰላሳይ እያለ) አስራ አንድ አስራ አንድ ጥያቄ፣ መልሱ ሁሉ ሀ ወይ ለ ብቻ። እሱን ወደ አማርኛ መለስኩና ለሁለተኛ አመት ልጆች በተንኩት።

አንዱ ጥያቄ ትናንት ያደረግከውን ስታስብ የሚመጣልህ ምስል ነው ወይስ ቃላት ይላል። አንድ ልጅ ሁለቱንም ሰርዞ ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ «የእናቴ ድምፅ» ብሎ ጽፎልኛል። ዳታ የምተነትንበት ሶፍትዌር፣ ኤስፒኤስኤስ ላይ፣ ይሄን የት ላስገባው? ሚሲንግ ነው፣ መልስ የለም ብዬ 99 ሞላሁበት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ልጁ ከጮቄ ተራራ ስር ከሲናን የመጣ ነው። መጠይቁ በቃል የሚማር፣ አሰላሳይ ምናምን ብሎታል። ሚድ ፈተና ላይ ሞመንት (ኃይል አንድን ነገር የማዞር አቅሙ) የሚለውን ጥያቄ ባዶውን ትቶት ነበርና ቢሮ መጥቶ «ቲቸር፣ ሞመንት አልገባኝም» አለኝ። ሰሌዳ ላይ የሳልኩትን ቀስት እንደገና ወረቀት ላይ ሳልኩለት፣ ዝም። ከዛ ምን እንደመጣብኝ እንጃ፣ ቤታችሁ በሬ አለ ወይ አልኩት።

«አለ እንጂ።»

«አንደኛው ደካማ ሲሆን አባትህ ምን ያደርጋሉ?»

እንደ ሞኝ ነው ያየኝ። «ምራኑን ወደ ጎበዙ በሬ ያስጠጉታላ ቲቸር፣ ለደካማው እንጨቱ ይረዝምለትና ይቀለዋል።» ምራን ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር ነው። እስክሪብቶዬን አንስቶ ጣቱ ላይ አጋድሞ እያሳየኝ ነበር የሚያወራው፣ መሃል ላይ ቆም አለና «እና ይሄ ነው እንዴ?» አለኝ። ይሄው ነው። ኃይል ሲባዛ በርቀት፣ ይኸው።

በሳምንቱ ጨሞጋ ወንዝ ማዶ ካሉ ሰውዬ ቀንበር ተዋስኩና ተሸክሜ መጣሁ። በር ላይ ጥበቃው አስቆመኝ፣ ላፕቶፕ ሲገባ የሚመዘገብበት ደብተር ላይ «ቀንበር፣ 1» ብሎ ጻፈና አስፈረመኝ። ክፍል ውስጥ ጣሪያው ብረት ላይ በገመድ አንጠለጠልነው፣ አንዱ ጫፍ ላይ 20 ሊትር ውሃ፣ ሌላው ጫፍ ላይ 10 ሊትር። በስሌቱ ገመዱ ከከባዱ ጫፍ አንድ ሦስተኛው ላይ መሆን ነበረበት፣ ግን ትንሽ ወደ መሃል ካልሳብነው አልቆም አለ። ለምን ብላ የጠየቀችኝ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ቀንበር በእጇ ነክታ የማታውቅ ልጅ ናት፣ ሳልመልስላት ራሷ «ኦ፣ እንጨቱም ይከብዳላ» አለች። መጠይቁ በጣም ቪዥዋል ነው ያለው ልጅ ደግሞ ከኋላ ተኝቶ ነበር።

እና ከዛ ወዲህ ሠንጠረዤን ሳየው ያስቀኛል። የሲናኑን ልጅ የት ልመድበው? የሥነ ልቦና ምሁሩ ጋርድነር በፈረንጆቹ 1983 የሰው ኢንተለጀንስ አንድ ሳይሆን ሰባት ነው ብሎ ጀመረ፣ በኋላ የተፈጥሮውን ጨመረበት፣ ልጁ ግማሾቹ ውስጥ ይገባል። ጋርድነር ራሱም የኔ ሐሳብና ለርኒንግ ስታይል አንድ አይደሉም ብሏል፣ እኔ ግን ርዕሴ ላይ ጎን ለጎን አስሬያቸዋለሁ። በዛ ላይ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ እነ ፓሽለር በፈረንጆቹ 2008፣ ስለ ለርኒንግ ስታይል የተጻፈውን ገምግመው፣ ተማሪን በስታይሉ ለይቶ ማስተማር የተሻለ ውጤት ያመጣል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብለው ደምድመዋል። ይሄን ፕሮፖዛሌ ከፀደቀ በኋላ ነው ያነበብኩት፣ የኔ ነገር ሁሌ እንዲህ ነው።

አጎቴ ጎጃም ውስጥ በቅኔ ትምህርት ስሙ በታወቀው በዋሸራ ቅኔ የተማረ ሰው ነው፣ ስለጥናቴ ስነግረው፣ የኔታ ማንንም «ምን አይነት ነህ» ብለው ጠይቀው አያውቁም አለኝ። ሁሉም ከአጭሩ ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው፣ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ፣ ሄደህ ዛፍ ስር ለብቻህ ትቆጥራለህ፣ ከዛ መጥተህ በሰው ፊት ለየኔታ ትነግራለህ፣ እሳቸው ያርሙሃል። ወረቀት የለም። በፌልደር ሠንጠረዥ ይሄ አሰላሳይ ነው ወይስ ሞካሪ? ነገሩ በቃል ነው፣ ሰሙ (የላዩ ትርጉም) ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓይንህ ላይ የሚሳል ነገር ነው። የሚማሩት ነገር እራሱ ነው መንገዱን የሚመርጠው፣ ቅኔም ሞመንትም፣ እኔ ግን ተማሪውን ነበር ስመድብ የከረምኩት።

ይሄንኑ ለአማካሪዬ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ ዳታ ሰብስበሃል፣ ርዕሱን እንዳትነካካው፣ ይሄን ዲስከሽን ላይ ጻፈው» አሉኝ። እሺ አልኩ፣ ምን ልበል።

ቀንበሩ እስካሁን ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተደግፏል፣ መመለስ አለብኝ፣ የሰው ነው። ጥበቃው ጠዋት ጠዋት ሳልፍ «መምህር፣ መሬቱ ተገኘ?» ይለኛል።