ካርታውን አሳዩኝ

ከአሜሪካ የሚደውልልኝ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ዋጋ ነው። «ካሬው ስንት ገባ?» ይለኛል። ቀጥሎ ሰፈሩን ያነሳል። ካሳንቺስ ነው ሜክሲኮ? ለስታዲየም ይቀርባል? ሊፍትና ጄኔሬተር አለው? ስለ ካርታው፣ ማለትም ስለ ባለቤትነት ማረጋገጫው ወረቀት፣ የሚጠይቀኝ ግን በጣም ጥቂት ሰው ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ቤት ማሻሻጥ ውስጥ የገባሁት ብዙ ዞሬ ነውና ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ያደግኩት ካሳንቺስ፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። በ1967 ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራያቸው ከፍ ያሉት ለመንግሥቱ የኪራይ ቤቶች ድርጅት። የኛ ከአነስተኞቹ ነበር። እናቴ በየወሩ ጥቂት ብር ትከፍልና ካርኒውን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጣለች። ጣሪያው ሲያፈስ የምንጠግነው እኛ፣ ግድግዳውን ለፋሲካ የምናስለስነው እኛ። ግን አንሸጠውም፣ ባንክ አስይዘን አንበደርበትም። በቀበሌ ቤት ያደገ ልጅ ካርታ የሚባል ወረቀት ሳያይ ነው የሚያድገው። የራስ ቤት የሚለው ነገር በሆዴ የገባው ያኔ ይመስለኛል።

ዲቪ ደርሶኝ ዋሽንግተን ዲሲ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ፓርኪንግ ነበር። እንደ ብዙ ሐበሻ። ከመሬት በታች ባለ ጋራዥ፣ እግር ሥር ትንሽ ማሞቂያ ባላት የመስታወት ዳስ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆንኩ። ከጀርባዬ ቁልፍ የሚሰቀልበት ሰሌዳ አለ። ቲኬቱ ለሁለት ይቀደዳል፤ ግማሹ ለባለቤቱ፣ ግማሹ ከቁልፉ ጋር። ሰውየውን በየቀኑ ባየውም፣ ስሙን ባውቅም፣ ቲኬቱን ካላሳየኝ ቁልፍ አልሰጥም። መኪናቸውን እዚያ የሚያቆሙ ጠበቆች ይቆጡኝ ነበር። አለቃዬ የድሬዳዋ ሰው ነበር፤ «የሰው ንብረት ነው፣ ፊት አይተሽ አትስጪ» ይለኝ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ከፓርኪንግ በኋላ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ ተንከባከብኩ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ወገብ ይጨርሳል እንጂ። ከዚያ ዕቁብ ደረሰኝና ከሁለት ጓደኞቼ ጋር መሀል ከተማ፣ ቢሮዎች መካከል፣ ትንሽ ካፌ ከፈትን። ጠዋት ቡናና ሳንዱች፣ ምሳ ላይ ምስርና ጎመን። የቢሮ ሠራተኛው ወደደን፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሰልፉ በር ያልፍ ነበር። በፈረንጆቹ 2020 መጋቢት ላይ ኮሮና ሲመጣ ቢሮዎቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ባዶ ሆኑ። ሰው ከሌለበት መንገድ ላይ ካፌ አይኖርም። የቤቱ ኪራይ ግን አልቆመም። ማሽኖቹን ሸጠን፣ የቀረውን ዕዳ ለሦስት ተካፍለን ዘጋን። አንዷ ጓደኛዬ ነርሲንግ ገባች፣ ሌላዋ አትላንታ ሄደች።

እኔ በዚያው ዓመት ሜሪላንድ ውስጥ የቤት ሽያጭ ፈቃድ ትምህርት ጀመርኩ። 60 ሰዓት ኮርስ ነው፣ ከዚያ ፈተና። በሁለተኛ ቋንቋ የሕግ ቃል ማጥናት ከባድ ነው፤ ሌሊት ሌሊት እያነበብኩ አለፍኩ። ደንበኞቼ በአብዛኛው የኛው ሰዎች ነበሩ፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ላይ የመጀመሪያ ቤታቸውን የሚገዙ። እዚያ ያየሁት ሥርዓት ዓይኔን ከፈተው። ቀብዱ ለሻጩ አይሰጥም፤ ውሉ እስኪያልቅ ገለልተኛ የሆነ ሦስተኛ ወገን ይይዘዋል። ቤቱን መርማሪ ከጣሪያ እስከ ምድር ቤት ያየዋል። ባለቤትነቱን ደግሞ ወደ ኋላ ሄደው ይፈትሹታል፤ ማን ለማን ሸጠ፣ ማን ዕዳ አለበት፣ ፍርድ ቤት ያገደው አለ ወይ። አሻሻጩ ቢዋሽ እንኳ ወረቀቱ አይዋሽም።

ታዲያ እነዚሁ ደንበኞቼ ናቸው ወደ አዲስ አበባ የመለሱኝ። ሜሪላንድ ላይ ቤት ሲገዙ አሥር ጊዜ ይጠይቃሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ሲገዙ በቴሌግራም የመጣ ሥዕል አይተው ብር ይልካሉ። የሁለት ሥራ ደሞዝ፣ የስንት ክረምት ሌሊት ፈረቃ! አንዷ እያለቀሰች ደውላልኝ ነበር። ቅድሚያ የከፈለችበት ሕንፃ ለዓመታት ከመሠረቱ አልተነሳም። ውሉን እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። የማስረከቢያ ቀን አለው፤ ቀኑ ሲያልፍ ኩባንያው ምን እንደሚከፍል ግን አንድ መስመር የለውም። ያን ቀን ልቤ ተነሳ።

ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን፣ ቢጫ ካርዱን፣ ይዤ ተመለስኩ። በ1994 በወጣው አዋጅ 270 መሠረት ያለ ሥራ ፈቃድ መቀጠር፣ ቤት መግዛትም ይቻላል። መጀመሪያ አንድ የሪል እስቴት ኩባንያ ሽያጭ ክፍል ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ቢሮው ያምራል፣ ሠራተኛው ጎበዝ ነው። ነገር ግን የምሸጠው ሕንፃ የግንባታ ፈቃዱ ለስንት ፎቅ እንደሆነ ስጠይቅ መልስ አጣሁ። «እሱ የኢንጂነሮቹ ጉዳይ ነው፣ አንቺ ሽጪ» ተባልኩ። ገዢ ሲጠይቀኝ ምን ልለው ነው? ወጣሁና ለብቻዬ መሥራት ጀመርኩ። አሁን የምወክለው ገዢውን ብቻ ነው፤ ኮሚሽን ከሻጭ አልቀበልም።

የወጣሁበት ጊዜ ቀላል አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከመቶ አለፈ። ዶላር ለያዘ ሰው ቤቱ የረከሰ መሰለ፤ ስልኬ ማረፍ አቃተው። ነገር ግን ሊፍቱ፣ አሉሚኒየሙ፣ ኬብሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ኩባንያዎች ውላቸው ላይ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ማስገባት ጀመሩ። እኔ ይህን አንቀጽ ሁልጊዜ ጮክ ብዬ ነው የማነበው። ጣሪያ ከሌለው፣ ማለትም እስከ ስንት ፐርሰንት ሊጨምር እንደሚችል ካልተጻፈ፣ አትፈርሙ እላለሁ።

ብዙም ሳይቆይ፣ በ2017፣ በኮሪደር ልማቱ ካሳንቺስ ሲፈርስ የእናቴም ቤት ሄደ። ገላን ጉራ ምትክ ቤት ተሰጣት። ቤቱ አዲስ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ነው። የዕድር ጎረቤቶቿ ግን ተበታተኑ፤ ቡና የምትጣጣቸው ሴቶች ዛሬ ለመገናኘት ሁለት ታክሲ ይይዛሉ። ስለ ቤት ሳወራ ስለ ካሬ ብቻ የማላወራው ለዚህ ነው።

ቅርብ ጊዜ የሠራሁትን ላውጋችሁ። ሜሪላንድ የምትኖር ነርስ ለእናቷ ሰንጋ ተራ አካባቢ ባለሁለት መኝታ ቤት መግዛት ፈለገች። እናትየው ለጤናቸው ጥቁር አንበሳ ይመላለሳሉ፤ ቅርበቱ ለሳቸው ነው። ቤቱን አብረን ልናይ ሄድን። ነጠላቸውን አስተካክለው ሳሎኑ መሀል ቆሙ። እኔ ሜትሬን አወጣሁ።

«ምን ትለኪያለሽ ልጄ፣ ሰፊ ነው'ኮ» አሉኝ።

«ይሁን እማማ፣ ለልጅዎ የምነግራት ቁጥር ነው» አልኳቸው።

ማስታወቂያው 110 ካሬ ይላል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስለካው 84 ወጣ። ቀሪው ደረጃው፣ ኮሪደሩና ሊፍቱ ነው፤ የጋራ ቦታው ተደምሮ ማለት ነው። ይህ ማጭበርበር ላይሆን ይችላል፤ ገዢው ግን በካሬ ሲከፍል የሚከፍለው ለየትኛው እንደሆነ ማወቅ አለበት። ቧንቧውን ከፈትኩ፤ ውኃው ክር ሆኖ ወረደ። ዘበኛውን ስጠይቀው ፓምፑ የሚሠራው ጠዋትና ማታ ብቻ እንደሆነ ነገረን። እማማ ይህን ሲሰሙ መሬት የተቀመጠ ባልዲ እንዳለ ዞር ዞር ብለው አዩ። መኖር የሚያውቅ ሰው የሚያየው እንዲህ ያለውን ነው።

ከዚያ ሻጩን «ካርታውን አሳዩኝ» አልኳቸው። ኮፒ አመጡ። ኮፒ በቂ አይደለም። አብረን መሬት አስተዳደር ሄደን ማኅደሩ ሲታይ ቤቱ በባንክ ብድር ተይዟል። ሻጩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ «ሽያጩ ሲያልቅ እከፍለዋለሁ» ነው ያሉት። እኔ ደግሞ ቅድሚያ በእጃቸው አይገባም አልኩ። በስምምነት የመጀመሪያው ክፍያ በቀጥታ ወደ ባንኩ የብድር ሒሳብ ገባና ባንኩ እግዱን በደብዳቤ አነሳ። ዋጋውም ከተለካው ጋር ተነጋግረንበት ቀነሰ።

ውክልናው ደግሞ ለብቻው አድካሚ ነው። ነርሷ መጀመሪያ የላከችው «ማንኛውንም ጉዳዬን እንዲያስፈጽሙ» የሚል ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2204 እና 2205 እንዲህ ያለ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያገለግል ይናገራሉ። ቤት መግዛትና መሸጥ ተለይቶ መጻፍ አለበት። ዋሽንግተን ኤምባሲ ድጋሚ ሄዳ አሠራች፤ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋገጠ። ውሉም በጓዳ አልተፈረመም። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ ስለዚህ ውልና ማስረጃ ሄደን በሹሙ ፊት ተፈረመ። በየካፌው የሚፈረሙት ወረቀቶች ስንቱን ቤተሰብ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት እንዳንከራተቱ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ሳደርግ አንዳንድ ደላሎች «ሥራ ታጓትታለች» ይሉኛል። እውነት ነው፣ አጓትታለሁ። ከነሱ መካከልም አካባቢውን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ አሉ፤ ሰንጋ ተራውን ቤት የጠቆመኝም እንዲህ ያለ ልጅ ነው፤ ድርሻውን በደስታ ከፍለነዋል።

አሁን የቀረው የስም ዝውውሩ ነው። ሰነዱ ገብቷል፣ ተራ እየጠበቅን ነው። ነርሷ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች፤ እማማ ደግሞ ስለ ፓምፑ ይጠይቁኛል። የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር ሁለተኛ ፓምፕ ለመግዛት ገንዘብ እያዋጣ ነው፤ የእማማንም ድርሻ ልጃቸው ልካለች።