መቶ ኩንታል ላይ የተጋጩት ሁለት ረድፎች

አዳማ ውስጥ ለሚገኝ አንድ የጭነት ማጓጓዣ ድርጅት ያዘጋጀሁት የዋጋ ሠንጠረዥ ባለፈው ሳምንት ያለ ስህተት ስለሠራልኝ፣ የውሳኔ ሠንጠረዥ (እያንዳንዱ ረድፉ አንድ ደንብ የሆነ፣ ኮምፒውተር ግብዓቱን ከረድፎቹ ጋር አመሳክሮ ውጤት የሚያወጣበት ሠንጠረዥ) በመማር ላይ ላላችሁ የደረስኩበትን ላካፍል ወደድኩ። ግብዓት በግራ፣ ውጤት በቀኝ ዓምድ እንደሚጻፍ፣ ሰረዝ ያለበት ሳጥንም «ግብዓቱ ምንም ቢሆን» ማለት እንደሆነ በሁለት ቀን ይለመዳል። እኔን አንድ ወር ያቆየኝ በሠንጠረዡ ጥግ የምትቀመጠው አንዲት ፊደል ናት።

ፊደሏ ከአንድ በላይ ረድፍ ከግብዓቱ ጋር ሲገጥም ምን እንደሚደረግ ትወስናለች። ዲኤምኤን (DMN) በተባለው የውሳኔ ሠንጠረዦች አጻጻፍ መስፈርት፣ ካልተጻፈች «ዩኒክ» (U) እንደተባለ ይቆጠራል፤ ይህም ለአንድ ጉዳይ ሁለት ረድፍ እንዲገጥም አይፈቅድም። «ኤኒ» (A) መደራረብን የሚፈቅደው የገጠሙት ረድፎች ውጤት አንድ ከሆነ ብቻ ነው። «ፈርስት» (F) ከላይ ሲወርድ መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል፤ «ኮሌክት» (C) ደግሞ ሁሉንም ይሰበስባል፣ የመደመር ምልክት ከታከለበትም ይደምራቸዋል።

የእኔ ሁለተኛ ረድፍ «ከ50 እስከ 100 ኩንታል»፣ ሦስተኛው «100 ኩንታልና ከዚያ በላይ» ይል ነበር። በ60 እና በ140 ስሞክረው ደህና ሠራ። ልክ 100 ኩንታል ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሲመጣ ግን ሁለቱም ረድፎች ገጠሙና ሥርዓቱ ስህተት አሳየ። እኔም ምክንያቱን ሳልመረምር ፊደሏን ወደ «ፈርስት» ቀየርኩ፤ ስህተቱ ጠፋ፣ ደስም አለኝ። ከቀናት በኋላ የሒሳብ ሠራተኛዋ ደረሰኙን ይዛ መጣች፤ የትልቅ ጭነት ቅናሽ የተዋዋለው ደንበኛ፣ ሁለተኛው ረድፍ ስለቀደመ ብቻ የአነስተኛውን ጭነት ዋጋ ከፍሏል።

መፍትሔው ሁለተኛውን ረድፍ [50..100) ብሎ መጻፍ ነበር፤ ማዕዘናዊው ቅንፍ ቁጥሩን ያካትታል፣ ክቡ ያስቀረዋል። ከዚያ ወዲህ ጀማሪ «ፈርስት»ን መንካት የለበትም የሚል ጽኑ አቋም ይዣለሁ፤ ምክንያቱም ረድፍ ያዘዋወረ ሰው ሳያውቀው ዋጋ ይቀይራል፣ «ዩኒክ» ግን ግጭቱን ፊት ለፊት ያወጣዋል። ሠንጠረዥ ከመሙላታችሁም በፊት የድንበር ቁጥሮችን በወረቀት ጻፉ፦ 49፣ 50፣ 99፣ 100፣ 101።

ይህን እየመከርኩ፣ አንድ የቆየ ሠንጠረዤ እስካሁን በ«ፈርስት» ይሠራል፤ ረድፎቹን ለያይቶ መጻፉ አድካሚ ሆኖብኝ ትቼዋለሁ። ክፍተትንም «ዩኒክ» አይከላከልም፤ የሚገጥም ረድፍ ከሌለ ውጤቱ ባዶ ሆኖ ያልፋል፤ ባዶውን የሚመለስ መኪና በዚህ ምክንያት ዋጋ ሳይወጣለት እንዳለፈ ያገኘሁት በዓይኔ ስፈትሽ ነው።