ኳሷን ተዋት፣ እግሩን እይ

እኔ ያደግኩት በእግር ኳስ ነው። የአሜሪካኑ ፉትቦል ለእኔ ሰው ተላትሞ የሚወድቅበት፣ በየደቂቃው የሚቆም ነገር ነበር። ያስለመደኝ ልጄ ነው። ቅዳሜ ከሥራ ስገባ የኮሌጅ ጨዋታ ከፍቶ ይጠብቀኛል፤ እኔም ምሳዬን ይዤ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2018 በጆ በሮው ተከራከርን። በሮው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቋሚ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን እየመራ ኳሷን ለተቀባዮች የሚወረውር) መሆን አቅቶት ወደ ሉዊዚያና ስቴት (ኤልኤስዩ) የተዛወረ ተጫዋች ነበር። ደብተር አውጥቼ ቁጥር መዘገብኩ። ከወረወረው ኳስ ተቀባይ እጅ የገባው 57.8 በመቶ፣ ታችዳውን (ኳሷ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ስታልፍ የሚቆጠረው) 16። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደግሞ በገዛ ሜዳቸው 29 ለ 0 ረታቸው። «ተራ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

ልጄ ሳቀብኝ። «አባዬ፣ ኳሷን ተዋት። እግሩን እይ።»

እውነቱን ነው። የእኛ ዓይን ኳስ መከተል ለምዷል። ኳርተርባክ የሚታወቀው ግን ኳሷ ከእጁ ከመውጣቷ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሰከንዶች ነው። ስለዚህ ጨዋታዎቹን እንደገና አየሁ፤ ያውም ሦስተኛ ዳውን ብቻ። አሥር ያርድ (ዘጠኝ ሜትር ገደማ) ለመሄድ ካሉት አራት ሙከራዎች ሦስተኛው ነው። ብዙ ያርድ ሲቀር እንደሚወረውር ተከላካዩም ያውቃል፣ መደበቂያ የለም። ሦስት ነገር ጻፍኩ። የመጀመሪያው ተቀባይ ሲዘጋበት ዓይኑ ወዴት ይሄዳል? ሲከበብ ይሸሻል ወይስ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይቆማል? እንደሚመታ እያወቀ ይወረውራል?

ከዚያ ፊየስታ ቦውል የሚባለው የውድድር ዘመኑ ማብቂያ ጨዋታ መጣ፣ ከሴንትራል ፍሎሪዳ ጋር። ገና በጊዜ የወረወረው ኳስ በተከላካይ ተጠለፈበት። ጠላፊው ይዞ ሲሮጥ አንድ ግዙፍ ተጫዋች በሮውን መሬት ላይ ዘረረው። አበቃለት አልኩ። ተነስቶ 394 ያርድና 4 ታችዳውን ወረወረ፤ 40 ለ 32 አሸነፉ። «አይደነግጥም» ብዬ ጻፍኩና አሰመርኩበት።

በ2019 ያው ሰው 76.3 በመቶ፣ 60 ታችዳውን፣ 15 ጨዋታ ያለ ሽንፈት። የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ሃይስማንን ወሰደ፣ የሲንሲናቲ ፕሮፌሽናል ቡድንም በድራፍቱ (ክለቦች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) ቁጥር አንድ አድርጎ መረጠው። ክንዱ በአንድ ክረምት አልተለወጠም። አሠልጣኙ ጆ ብሬዲ ከፕሮፌሽናሉ ቡድን ከኒው ኦርሊንስ ሴንትስ መጥቶ ጨዋታውን ከፈተለት፤ ተቀባዮቹ ጃስቲን ጀፈርሰንና ጀማር ቼዝም በሰሉ። 57.8 የእሱ ብቻ ሳይሆን የቡድኑም ቁጥር ነበር።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ አዋቂ ሆንኩ! በ2020 የቢዋይዩውን (ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ) ኳርተርባክ ዛክ ዊልሰንን አይቼ ሥራ ቦታ ለሁሉም አወራሁ። 73.5 በመቶ፣ 33 ታችዳውን፣ የተጠለፈበት 3 ብቻ። «ሲከበብ» የሚለው ዓምዴ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ባዶነቱን ለእሱ ጥሩ ምልክት አድርጌ ቆጠርኩት። ለካ የሚከብበው ጠፍቶ ነው። ከፊቱ ያሉት ጠባቂዎች ጠንካሮች ነበሩ፤ ከትልልቆቹ ጋር የነበረው ቀጠሮ ደግሞ በኮቪድ ምክንያት ተሰርዟል። የኒው ዮርኩ ጄትስ በ2021 ድራፍት ሁለተኛ አድርጎ መረጠው፣ በ2024 ለዴንቨር አሳልፎ ሰጠው።

አሁን ከሁሉም በፊት «ማንን ገጠመ?» ብዬ እጽፋለሁ። የዊልሰን ገጽ አሁንም ደብተሬ ውስጥ አለ። ልጄ ባዶው ዓምድ ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል። መቼ እንዳደረገው አልነገረኝም።