በዓይን የማትለየው ብሎን

ዛሬ ሙሉ ቀኔን የበላችው አንዲት ትንሽ ብሎን ናት። የአባቴ 1967 ሞዴል ቮልስ ከኋላ ቀኝ ጎማው የፍሬን ዘይት ያንጠባጥባል። ጎማውን ፈትቼ ሳየው የሚያፈሰው ፍሬን ውስጥ የገባ አየር በሚወጣባት ብሎን በኩል ነው።

ፈታኋትና ከግራው ጎማ ብሎን አጠገብ አስቀመጥኳት። በዓይን መንትያ ናቸው። ውፍረት በሚለካው ካሊፐር ስለካቸው ግን የግራዋ ወደ 6 ሚሊ፣ ይቺኛዋ 6.3 ገደማ። ለካ የሩብ ኢንች ብሎን ናት! የሆነ ጊዜ አንድ መካኒክ አስገድዶ አስገብቷታል፤ የምትገባበትን የፍሬን ሲሊንደር ጥርስ ጨርሳዋለች። በጣም ተናደድኩ። ፍሬን እኮ ነው! እናቴ የምትሳፈርበት መኪና።

የግራዋን በጨርቅ ጠቅልዬ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ። አንድ አዛውንት ነጋዴ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩዋትና፣ “ልጄ፣ ውፍረቱ ብቻ አይበቃም፤ ጫፏንም እይ” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዘይቱን የሚዘጋው ጥርሱ አይደለም፤ ሾጣጣው ጫፍ ውስጥ ካለው መቀመጫ ጋር ሲገጥም ነው የሚዘጋው። ብሎኗ ካጠረች ጫፉ አይደርስም፤ የፈለገ ቢጠብቅ ያፈሳል።

ብሎኗን ከነሲሊንደሩ አዲስ ገዛሁ።

ማታ የገባውን አየር ለማስወጣት ታናሽ ወንድሜ የፍሬኑን ፔዳል ይረግጣል፣ እኔ መሬት ተኝቼ ብሎኗን በ7 ቁጥር ቁልፍ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። “ያዝ!” “ይዣለሁ!” ብሎኗ ላይ በሰካኋት ቀጭን ቱቦ መጀመሪያ አረፋ ብቻ ወጣ። ቀስ በቀስ አረፋው ሳሳ። በመጨረሻ ጥርት ያለ ዘይት።

አባቴ ገባና ፔዳሉን ረገጠው። ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ጠንክሮ ቀጥ አለ።